ማርቫ ክሊንገር ፓርቲ የቀየረችበት ዓመት

በኦሃዮ ባለችው በትንሿ ብራንት ዕድሜው ከአምሳ በታች የሆነ ሰው ሁሉ በማርቫ ክሊንገር አውቶቡስ ትምህርት ቤት ተመላልሷል። ማን የትኛው ጥግ ላይ እንደሚሳፈር፣ የትኛዋ እናት ልጇን ያለ ጓንት እንደምትሰድ ታውቅ ነበር። ስለዚህ ከመሪው አጠገብ በካርቶን ሙሉ ትርፍ ጓንት ታስቀምጣለች። በተረፋት ክር ራሷ የሠራቻቸው ስለሆኑ ግራውና ቀኙ በቀለም አይገጥሙም። ልጆቹ ይስቁባቸው ነበር፤ ያደርጓቸውም ነበር።

ልጅ አልወለደችም። ባሏ ሃርላን ከሞተ ወዲህ የቀራት የሥጋ ዘመድ ወንድሟ ዱዌይን ብቻ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ምሳ የምትበላው በእሱ ቤት ነው፤ በምድጃው በኩል የምትቀመጥባት የራሷ ወንበር አለች። የተቀቀለውን ድንች በቅቤና በወተት የምትፈጨው እሷ ናት፤ የዱዌይን ሚስት ግሌንዳ እንኳ እጇን አታስገባም። ማርቫ ከዚያች ወንበር አብልጣ የምትወደው ነገር አልነበራትም።

ሪፐብሊካን ነበረች። ሁላችንም ነን። በብራንት ሰው ሪፐብሊካን የሚሆነው አስቦበት አይደለም፤ እንደ አፍንጫ ቅርጽ ከአያት የሚወረስ ነው። ዴሞክራቶቹ ከሐዲዱ ማዶ የሚኖሩት የመስታወት ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ካቶሊኮች ናቸው፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች፣ በጾማቸው ወራት ዓርብ ዓርብ ዓሣ ጠብሰው መንደሩን በጥብሱ ሽታ የሚሞሉት። ፋብሪካው ሲዘጋ ግማሾቹ እንጀራ ፍለጋ ሄዱ፤ የቀሩትም ልጆቻቸው ቀስ በቀስ ወደ እኛ ዞሩ። በመጨረሻ ዴሞክራት ነኝ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሊዮ ባርታ ብቻ ቀረ።

እሱና ማርቫ የምርጫ ቀን በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያስመርጡ ነበር። የኦሃዮ ሕግ እንዲህ ነው፤ አስመራጮቹ ከዚህም ከዚያም ፓርቲ መሆን አለባቸው። ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ወረቀቱን ሙሉልኝ ቢል ሁለቱም ተነሥተው ይሄዳሉ። ማታም ሣጥኑን ወደ ካውንቲው፣ ማለት ወደ ወረዳችን ዋና ከተማ ሲያደርሱ ሁለቱም በአንድ መኪና ነው። አንዳቸውን ለብቻው የሚያምን አልነበረም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ግን ሁሉም ያምናቸው ነበር።

መራጭ ሲቀንስ ይከራከራሉ።

«መንግሥት የደከመውን ካልደገፈ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?» ይላል ሊዮ ሳንድዊቹን እየገመጠ። «ሳንባዬ በመስታወት ብናኝ ሲቆስል ሐኪም ቤት ያስተኛኝ ማኅበሬ ነው። የናንተ ባለጠጎች ጥየቃም አልመጡ።»

«እጁን ከኪሴ ያውጣልኝ እንጂ የደከመውን እኔው እደግፋለሁ» ትላለች ማርቫ። «ጎረቤቴ መራቡን ዋሽንግተን ያለ ሰው ነው የሚነግረኝ?»

«አንቺስ ትደግፊያለሽ። ሁሉ እንዳንቺ ነው?»

«ካልሆነስ በግብር ደግ ሊሆንልህ ነው?»

ስለ ጠመንጃም፣ ስለ ድንበርም እንደዚሁ ነው። ስለ ፅንስ ማስወረድ ሲነሣ ሊዮ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ በዚያ ነገር ከፓርቲው ጋር አይስማማም። ማርቫም በሠራተኛ ማኅበር ላይ ብዙ ክፉ አትናገርም፤ የአውቶቡስ ሹፌሮች ጡረታ በማን ጩኸት እንደመጣ አትረሳም።

«ምልክቱ አህያ ከሆነ ፓርቲ ምን ይጠበቃል» ትለዋለች።

«አህያ እንኳ ጭነት ይሸከማል። ያንቺ ዝሆን ከመብላት ሌላ ምን ያውቃል?»

ከዚያ እኔ ያመጣሁትን የቼሪ ፓይ ቆርሰው ይካፈላሉ። ሊዮ ጠርዙን አይወድም፤ ማርቫ ትበላለታለች።

ሊዮ በበረዶው ወራት ሞተ። ፓርቲዎቹ ዕጩዎቻቸውን ለሚለዩበት ለግንቦቱ ቅድመ ምርጫ የምርጫ ቢሮው ከከተማ አንድ ዴሞክራት ወጣት አስተማሪ በውሰት ላከልን። የቢሮዋ ሴትዮ ግን ለማርቫ በስልክ ቁርጡን ነገረቻት። «ወይዘሮ ክሊንገር፣ ለኅዳሩ ዋና ምርጫ የምልክልዎ ሰው የለኝም። ከዚያው ከብራንት አንድ ዴሞክራት ካልተገኘ ጣቢያውን እንዘጋዋለን። ሕዝቡ እዚህ ድረስ መጥቶ ይመርጣል።»

እዚያ ድረስ ማለት በበቆሎ እርሻ መሀል ረጅም መንገድ ነው። ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ መኪና መንዳት ትቻለሁ፤ እንደኔ ያሉ በየቤቱ አሉ። ማርቫ እሑድ ከስብከት በኋላ ሴቶቹን ሰብስባ ለመነች። «ስም ብቻ እኮ ነው። አንዳችሁ በግንቦቱ የዴሞክራቶቹን ወረቀት ብትወስዱ ይበቃል። በኅዳር የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ማን ያያችኋል?»

ሴቶቹ ሳቁ። «ያንን ከምወስድስ እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል» አለች ግሌንዳ።

በቅድመ ምርጫ እያንዳንዱ ሰው ጠረጴዛው ፊት ቆሞ የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደሚፈልግ በአፉ ይናገራል። ሰው የዚህ ወይም የዚያ ፓርቲ ተብሎ የሚቆጠረው በዚህ ነው። አስመራጮቹም እንደማንም ተራቸውን ጠብቀው ይቆማሉ። የግንቦቱ ምርጫ ቀን ማርቫ ተነሥታ ከጠረጴዛው ወዲህ ዞረችና ቆመች። ምድር ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ዱዌይን በሩ አጠገብ ከእህል ጎተራው ሰዎች ጋር ስለ ዝናብ ያወራል።

«የትኛውን ልስጥዎ?» አላት አስተማሪው፤ እጁ አስቀድሞ ወደ ሪፐብሊካኖቹ ወረቀት ሄዶ ነበር።

«የዴሞክራቶቹን።»

ልጁ ቀና ብሎ አያት።

«የዴሞክራቶቹን አልኩህ፣ የኔ ልጅ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ዱዌይን የያዘውን ኩባያ መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

የሚቀጥለው እሑድ እንደ ልማዷ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። እሱ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቃት። የተባባሉትን የነገረችኝ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤቴ ተቀምጣ።

«ምን በደልኩሽ?» አላት።

«ጣቢያው እንዳይዘጋ ብዬ ነው፣ ዱዌይን። መንዳት ለማይችሉት ብዬ።»

«ይዘጋ። ጎተራው ጋ ‹እህትህ ወደ ፅንስ ገዳዮቹ ገባች አሉ› ሲሉኝ ምን ልመልስላቸው?»

«ወረቀት ነው የወሰድኩት።»

«ሁለቱ ፓርቲዎች አንድ ቢሆኑ አንድ ወረቀት ይበቃ ነበር። ጠመንጃዬን ሊወስዱ፣ እኔ ላቤን ያፈሰስኩበትን ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ሊሰጡ፣ የልጅ ልጆቼን ያሻቸውን ሊያስተምሩ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ስምሽ ከነሱ ጋር እያለ በኔ ማዕድ አትቀመጪም።»

በኅዳር ማንን እንደምትመርጥ ልትነግረው ትችል ነበር። አልነገረችውም። ድምፅ የራስ ምስጢር ነው እያለች ስንቱን ጀማሪ መራጭ አስተምራለች፤ ያንን ምስጢር ሰጥታ ወንበሯን መልሳ ልትገዛ አልፈለገችም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ትንንሽ ነገር ነው፤ አንድ በአንድ ሲያዩት ክፋት አይመስልም። በቤተ ክርስቲያን ከአጠገቧ የሚቀመጡት ወደ ፊተኛው አግዳሚ ተዛወሩ። ፀጉሯን የምትሠራላት ልጅ ቀጠሮ ሞልቶብኛል ማለት ጀመረች፤ ያቺ ልጅ በማርቫ አውቶቡስ ያደገች ናት። በሙቀቱ ወራት አንድ ሰው የፖስታ ሣጥኗ ላይ በቀለም አህያ ሣለበት። «ጆሮው ጥሩ ወጥቷል» አለችኝ፤ ልጠርግልሽ ብላት እምቢ አለች።

በዚያኛው በኩልም ወዳጅ አላገኘችም። ከካውንቲው ዴሞክራቶች አንዱ ደውሎ ግቢዋ ውስጥ የዕጩዎቻቸውን ሰሌዳ እንድታቆም ጠየቃት። አላደርገውም ስትለው ድምፁ ተለወጠ። «እንግዲያ የሊዮን ወንበር አንድ ሪፐብሊካን ይዞብናል በሉኛ» አላት።

«ሊዮ የተቀመጠበትን ወንበር ከናንተ አንዳችሁ መጥታችሁ ብትይዙት እለቅላችሁ ነበር» አለችው። ማንም አልመጣም።

የኅዳር ምርጫ ደረሰ። ማርቫ ዴሞክራት ሆና በሊዮ ቦታ፣ እኔ ሪፐብሊካን ሆኜ በሷ ቦታ ተቀመጥን። ጠረጴዛውን በነጭ ወረቀት ሸፈነች፣ እስክሪብቶዎቹን አንድ በአንድ ሞከረች፣ ‹መርጫለሁ› የሚለውን ተለጣፊ በሰሃን አቀረበች። ሌላ ዓመት ገና በጠዋቱ ሰልፉ ደረጃው ላይ ይደርስ ነበር። ያን ዕለት ግን ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ከሽማግሌዎች መኖሪያው ሁለት ባልቴቶች በተሽከርካሪ ወንበር መጡ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ጠፋ። በር በተከፈተ ቁጥር ማርቫ ቀና ትላለች።

ከሰዓት ግሌንዳ ትልቅ ድስት ይዛ ወረደች። ዶሮ በፓስታ ነበር፤ ለኔ ብቻ አንድ ሳህን ቀዳችልኝ።

«ሰዉ የት ገባ?» አልኳት።

«አብዛኛው ከምርጫው ቀን በፊት ከተማ፣ ምርጫ ቢሮው ሄዶ መርጧል። ዱዌይንም ሐሙስ ዕለት ሄዶ ጨረሰ።»

«ሐሙስ?» አለች ማርቫ። «ሐሙስ ደረቅ አልነበረም እንዴ? በቆሎውን ሳያጭድ?»

«በቆሎውን አቁሞ ሄደ» አለች ግሌንዳ፤ ድስቷን ከድና ወጣች።

ዱዌይን በደረቅ ቀን ማጨጃውን አቁሞ አያውቅም፤ አባታቸው በተቀበረበት ቀን እንኳ ከሰዓት አጭዷል። ማርቫ ከዚያ ወዲያ በር ሲከፈት ቀና አላለችም።

በጥር የምርጫ ቢሮው ወደ ብራንት ጣቢያ ሰው ስላልመጣ ዘጋነው አለ። ዴሞክራት ታጥቶ አይደለም፤ መራጭ ታጥቶ ነው።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ማርቫና እኔ በሷ ወጥ ቤት ፖም ስንልጥ ዱዌይን በኋላው በር ገባ። ቆቡን አወለቀ። ከስቷል።

«እንግዲህ ጣቢያውም ተዘጋ» አለ። «አሁን ዴሞክራት የምትሆኚበት ጉዳይ የለም። በግንቦት የኛን ወረቀት ውሰጂና እሑድ ነይ። የግሌንዳ ድንች ጓል በጓል ሆኖ ገደለን።»

ማርቫ ቢላዋውን አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ ማቅረሩን አይቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«በኅዳር ማንን እንደመረጥኩ ታውቃለህ?» አለችው።

ከተላጠው ፖም አንድ ቁራጭ አነሣ።

«አንተ የመረጥካቸውን። ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ሳላስቀር።»

ፊቱ በራ፤ እንደ ልጅነቱ ሆነ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ወር ለምን ትደብቂኛለሽ? እንዲህ ከሆነማ ምንም አልተፈጠረም። ተነሺ፣ ኮትሽን ልበሺ፣ ግሌንዳ በደስታ ታብዳለች።»

ማርቫ አልተነሣችም። «ሊዮ የሚመርጣቸውን መርጬ ቢሆንስ ኖሮ?»

«አልመረጥሽማ።»

«መርጬ ቢሆንስ ነው ያልኩህ። ወንበሬ ትጠብቀኝ ነበር?»

ዱዌይን ወንድሟ ስለሆነ ቢዋሽላት ደስ ባለኝ። ግን ውሸት የማያውቅ ሰው ነው። ቆቡን በእጁ አዙሮ አዙሮ አጠለቀው፤ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

«ፖሙ ሳይጠቁር እንጨርሰው» አለችኝ።

በግንቦት ፓስተራችን አቅመ ደካሞችን ወደ ከተማ ለምርጫ የሚወስድ መኪና አዘጋጀ። ማርቫን ላስነሣት ቤቷ ሄድኩ። ጫማዋን አላደረገችም፤ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች በሩን ከፈተችልኝ። ለመምረጥ ከደረሰች ወዲህ አንድ ምርጫ አምልጧት አያውቅም፤ ሃርላን በሞተበት ሳምንት እንኳ ሄዳለች።

«እናንተ ሂዱ» አለችኝ። «የትኛውን ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም።»