እንቁራሪት የሚል ስም

ጎረቤቴ ሲፋን ስትወለድ ጨረቃ እየጠፋች ነበርና አባቷ ኮፕ የሚል የቤት ስም አወጡላት፤ እንቁራሪት ማለት ነው። እኛ ላኦዎች ጨረቃ በግርዶሽ ስትጨልም “ኮፕ ኪን ድዋን” እንላለን፤ እንቁራሪት ጨረቃን በላች። ሸምግዬ ማንበብ ከተማርኩ በኋላ ከሕንድ የመጣ ሌላ ቃል በመጽሐፍ አገኘሁ፤ ጨረቃን መዋጥ ማለት ነው። ማን እንደዋጣት ግን አይናገርም። የእኛ ቃል ይናገራል።

ሲፋን በሜኮንግ ዳር የቀርከሃ ዓሣ ማጥመጃ እየሠራች ብቻዋን ኖረች። ጨረቃ በጨለመች ቁጥር ሰዉ ድስትና ከበሮ እየደበደበ ደጇ ይሰበሰባል።

“አክስቴ ኮፕ፣ ትፊያት እንጂ” ይሏታል።

“ቆዩ፣ ገና አላኘክኳትም” ትላለች ጉንጯን ነፍታ። ይሳቃል፤ ጨረቃም ትመለሳለች።

አንድ ምሽት ግን ጨረቃዋ ከወንዙ ማዶ ስትወጣ ግማሿ የለም። ወዲያው ደመና ዋጣት። ሰዉ ድስቱን ቢደበድብ፣ ቢደበድብ ተመልሳ አልታየችም። ሳቁ ቆመ። ወደ ቤቱ የሄደ ግን አልነበረም፤ ሁሉም የሲፋንን አፍ ያያል።

ከመካከላቸው የካምፓይ ምራት ማኒቮን ነበረች። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ያኔም ነፍሰ ጡር ነበረች። በነጋታው አማቷ ካምፓይ ሲፋን ዘንድ መጥታ፣ ማኒቮን እስክትገላገል ሲፋን ወንዙን ተሻግራ እዚያ ያለች እህቷ ጋ እንድትቆይ ለመነቻት።

“አንቺን ክፉ ብዬ አይደለም እትዬ። ስምሽ ነው።”

“ልጁ በደህና ቢወለድስ?”

“እኔው ራሴ መጥቼ እመልስሻለሁ።”

ሲፋን የጀመረችውን ማጥመጃ ይዛ ጀልባዬ ላይ ወጣች።

ልጁ በደህና ተወለደ። ጩኸቱ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ነገር ግን አንድ ወር ቀድሞ መጣ፤ በቋንቋችን ደግሞ ድዋን ጨረቃም ነው፣ ወርም ነው። ወሩ የት ገባ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ማን እንደበላው ሁሉም የሚያውቅ መስሎታል። ካምፓይም ወደ ጀልባዬ አልመጣችም።

ብቻዬን ቀዝፌ ሄድኩ። ሲፋን ቀርከሃ እየሰነጠቀች ነበር። ወንድ ነው፣ ጤነኛ ነው ስላት ፊቷ በራ። ቀና ብላ ከኋላዬ ባዶዋን ጀልባ አየች።

“ጊዜውን ጨርሶ ነው?”

“አንድ ወር ይጎድለዋል።”

ቢላዋዋን አስቀመጠች።

“እንግዲያው ስትመለስ ዕቃዬን ሰብስብልኝ” አለች። “በሩንም ዝጋው።”