በሃሌታው ሀ የጻፍሁት ማመልከቻ

የበደለኝ የአክስቴ ባል ነው። የበደለኝም ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ይጁቤ፣ ከቤቱ ደጃፍ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ስሙን አልጽፍም። መሪጌታ ነበር፤ ከዚህ በላይ ክብር ከእኔ እጅ አያገኝም። በሕይወት ሳለ አንቱ ብዬዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ነው።

ሰው በመሬት ይበደላል፣ በከብት ይበደላል፣ በትዳር ይበደላል። እኔን የበደለኝ በፊደል ነው። ይህን ስናገር የሚሥቁ አሉ፤ ይሣቁ። እኔም አሁን አሁን እሥቃለሁ። ይቅር ማለት ሌላ ነው።

አባቴ የድጓ መምህር ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው እኔን ፊደል አስቈጠረኝ፣ ዳዊት አስደገመኝ፣ ከዚያም ሞተ። በኋላ ባል አግብቼ ነበር፤ ከባሌ ቤት ለምን እንደ ተመለስሁ የራሴ ጉዳይ ነው። ተመልሼ የተጠጋሁት ከአክስቴ ቤት ነው። የአክስቴ ባል በዚያን ጊዜ ዐይኑ ደክሞ ነበር። ቅኔ ሲቀኝ አገር ቆሞ ይሰማዋል፤ አንዲት መስመር መጻፍ ግን አይችልም። ስለዚህ የደብሩን ደብዳቤ፣ የባላገሩን አቤቱታ፣ የሟቹን ኑዛዜ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰው ወረቀቱን እያገላበጠ «የመሪጌታ እጅ እንዴት ያምራል!» ይላል። እሱም «የእግዚአብሔር ስጦታ ነው» ብሎ አንገቱን ይደፋል። እጁ እኔ ነኝ። ጓዳ ተቀምጬ እሰማለሁ።

በዚያው ዓመት በይጁቤ ገበያ ዐዋጅ ተነገረ። ደብረ ማርቆስ ያለው የጣሊያኖች ሐኪም ቤት ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሴቶች ተቀብሎ ሕክምና ሊያስተምር ነው አለ። ሴቶች ገላችንን ለወንድ አናሳይም እያሉ ሐኪሙን ስላስቸገሩት ነው። የምትፈልግ በገዛ እጇ ማመልከቻ ጽፋ ታምጣ ተባለ። ይህን ስሰማ የያዝሁትን የቅቤ ቅል ጥዬ ሰበርሁት።

ነገሩ ለእኔ ምን እንደ ነበረ ሙሉውን አልናገርም። ይህን ያህል ግን ልበል፤ ካልሄድሁ ዕድሜዬን በሙሉ የሌላ ሰው እጅ ሆኜ ልቀር ነበር።

ለጣሊያን ልታድሪ ነው ያሉኝም ነበሩ። ያሉኝ ሰዎች በኋላ ቁስላቸውን ይዘው መጥተዋል፤ አጥቤላቸዋለሁ። የእነሱንም ስም አልጽፍም።

ማመልከቻው አምስት መስመር ነው። «ለክቡር ሐኪም። እኔ ማንበብና መጻፍ እችላለሁ። ደም አይቼ አልደነግጥም። ያገባሁት ባል የለኝም። ለሕሙማን ድኅነት ቀንም ሌሊትም ለመድከም ቈርጬ ተነሥቻለሁ።» ከዐረቡ ሱቅ የስኳር መጠቅለያ ለምኜ በዚያ ላይ ስሞክር ሰነበትሁ፤ ንጹሕ ነጭ ወረቀት የነበረኝ አንድ ብቻ ነውና።

ያስጨነቀኝ ፊደሉ ነው። በአፋችን ሦስቱ ሀ አንድ ናቸው፤ በወረቀት ላይ ግን ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ተብለው ሦስት ናቸው፣ አንዱ በሌላው ቦታ ከገባም የተማረ ሰው ይሥቃል። ሐኪም በሐመሩ ሐ እንደሚጻፍ ከልጅነቴ ዐውቃለሁ። ዐውቄም እንጨት ስለቅም «በብዙኃኑ ቢሆንስ?» እላለሁ። ግድግዳ በእበት ስለቀልቅ በእርጥቡ ላይ በጣቴ ጽፌ ራቅ ብዬ አየዋለሁ።

አክስቴ መጥታ አየች። «ምነው ልጄ፣ ግድግዳውን ብራና አደረግሽው?» አለችኝ።

በመጨረሻ ማድረግ የሌለብኝን አደረግሁ። እሱን ጠየቅሁት።

ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ በጭራው ዝንብ ይከላከላል። «አንብቢልኝ» አለ። አነበብሁለት። ሰምቶ ጨረሰና፣

«ድኅነት ያልሽውን በየትኛው ሀ ነው የጻፍሽው?» አለ።

«በብዙኃኑ ነዋ፣ የኔታ።»

ጭራው ቆመ። «ኧረግ! ኧረግ! በብዙኃኑ?»

«ምነው?»

«ድኅነት በብዙኃኑ የነፍስ ናት። ነፍስን የሚያድን አንድ ጌታ ነው። አንቺ የጌታን ሥራ ለካቶሊክ ሐኪም ልትሰጪው ነው? አባትሽ ከመቃብር ቢነሣ ምን ይልሻል?»

«ታዲያ የሥጋውን በምን ልጻፈው?»

«የሥጋው በሃሌታው ሀ ነው። ሥጋ ሃሌታ ናት፤ ጮኻ ታልፋለች።»

«ሥጋ ሃሌታ ናት» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሲናገረው ግን የገባኝ መሰለኝ። የሊቅ ክፋት እንዲህ ነው፤ ያልገባሽን ነገር እንኳ ራስሽን እየነቀነቅሽ ትቀበዪዋለሽ። ቢሆንም ጠይቄያለሁ። «በሃሌታው ሲጻፍ ማጣት አይሆንም ወይ፣ የኔታ?» ብያለሁ። ይህን መጠየቄን ለራሴ እመሰክራለሁ።

«ማጣትማ በኸ ነው፤ ድኽነት» አለ ጭራውን እያወዛወዘ። «ባላገሩ ሳይቀር ኸ ብሎ ይጠራው የለ? ለመሆኑ አንቺ ከእኔ ልትበልጪ ነው?»

ገባሁና በነጩ ወረቀት ላይ በሃሌታው ሀ ጻፍሁት። ስወጣ መረቀኝ። «ሂጂ፣ ይቅናሽ» አለኝ። እጁ ሆና ኖራ ጥላው ልትሄድ ለምትነሣ ሴት እንዲህ ደስ ብሎት መመረቁ ያን ጊዜ ሊከነክነኝ ይገባ ነበር።

ከገበያተኞች ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ ወጣሁ። ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ከመቀነቴ ሥር ከሆዴ ላይ አድርጌው ነበርና ላብ እንዳይነካው ቀኑን ሙሉ በሁለት እጄ እንደ ደገፍሁት ሄድሁ። ጭቃው ገና አልደረቀም። ከጎኔ የምትሄድ ሴት አየችኝ አየችኝና፣

«ስንት ወርሽ ነው እቴ?» አለችኝ።

«ወረቀት ነው» አልኋት።

«ሁሏም መጀመሪያ እንዲያ ነው የምትለው» አለችና አንድ ዳገት ሙሉ ስንቄን ተሸከመችልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ማመልከቻውን ለሐኪም ቤቱ ዘበኛ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ተመለሺ ተባልሁ። ያረፍሁት ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ አባቴን የሚያውቁ አንዲት መነኲሲት ዘንድ ነው። ጥጥ እየፈተሉ የጻፍሁትን በቃሌ አስባሉኝ። አልሁላቸው፤ ወደዱት። እኔም መመካት አምሮኝ፣

«እያንዳንዷን ፊደል መርምሬ ነው፣ እማሆይ። ድኅነትን እንኳ በሃሌታው ነው ያደረግሁት» አልሁ።

እንዝርቱ ቆመ። «በምኑ?»

«በሃሌታው።»

«ለበሽተኞች ድህነት ልትደክሚ?»

«አዎ፣ ለድኅነታቸው።»

«እኮ፣ ለድህነታቸው?»

«አዎ አልሁ እኮ፣ እማሆይ!»

«ልጄ፣ በሽተኞቹ ምን አደረጉሽ?»

እንዲህ ስንባባል ቆየን። በአፋችን የምንለው ቃል አንድ ነው፤ እሳቸው የሚሉት ሌላ፣ እኔ የምለው ሌላ። ቢጨንቃቸው በእንዝርቱ ጫፍ ሁለቱን መሬት ላይ ጻፉልኝ። «ይኸኛው መዳን ነው። ይኸኛው ማጣት። አንቺ ሰውየውን ከነሕመሙ ልታደኸዪው ነው የተነሣሽው።»

«የኔታ ግን ማጣት በኸ ነው ብለውኛል።»

«በኸም ይጻፋል፣ በሃሌታውም ይጻፋል። መዳን ግን ያው በብዙኃኑ ነው፤ የነፍስም ይሁን የሥጋ። የኔታሽ ይህን አጥተውት ነው?»

አላጣውም። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከመስቀል በፊት የታመሙ አንድ አለቃ ነበሩ፤ ለእሳቸው ደብዳቤ ሲያጽፈኝ «ለሥጋዎ ድኅነት እጸልያለሁ በዪ፤ በብዙኃኑ ይሁን፣ እንዳትሳሳቺ» ብሎኛል። ለሥጋዎ! በገዛ እጄ የጻፍሁት ነው። ዐውቆ ነው ያሳሳተኝ። የሚሣቅበት ወረቀት አስይዞ ልኮኝ፣ ተሥቆብኝ ስመለስ ጓዳ ገብቼ ልጽፍለት ነው። ያወቅሁትን ነገር አላውቀውም አሰኘኝ፤ ከሁሉ የማልረሳው ይህን ነው።

የቀለም ቀንዴን ነጠላዬ ሥር ይዤ ወደ ዘበኛው ሮጥሁ።

«ጠዋት የሰጠሁህን ወረቀት አንዴ አሳየኝ።»

«ልትወስጂው?»

«አይ፣ አንድ ፊደል ልለውጥ ነው።»

«የቱን?»

«ሀን።»

«ሀ ምን ሆነች?»

«ሌላዋ ሀ መሆን ነበረባት።»

«ስንት ሀ አለ?»

«ሦስት።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «እዚህ ቤት ሰው እግሩን እየተቈረጠ ይጮኻል፤ አንቺ ሀ ልትለውጪ መጣሽ። የሽፍቶች ምልክት እንዳይሆን! ሂጂ ከዚህ!»

ሽፍታ የሚባሉት አርበኞቹ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ይህች ቃል ቀልድ አልነበረችም። ሄድሁ። ግን በማግሥቱ ተመልሼ መጣሁ፤ ከሰዓት በኋላም ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ደገምሁ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ለጓደኛው «ወይዘሮ ሀ መጣች!» ብሎ ጮኸ።

አንዴ መጠርጠር ከጀመርሁ ወዲያ የቀረውም መስመር አላስተኛ አለኝ። «ያገባሁት ባል የለኝም» ያልሁት፣ ያላገባሁት አለኝ ያሰኝ ይሆን? «ደም አይቼ አልደነግጥም» ያልሁትስ፣ ሰው ገድላ ታውቅ ይሆን ቢሉኝ? መነኲሲቷ «አምስት መስመር ጽፈሽ እንዲህ ከሆንሽ ስድስት ብትጽፊ ትሞቺ ነበር» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ተጠራሁ። ሐኪሙ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው። ከአጠገቡ ከሐማሴን የመጣ አስተርጓሚ ወረቀቴን ይዞ ቆሟል። ጮክ ብሎ ያነብና ይተረጕማል። አምስተኛው መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። ወረቀቱን አቀረበው፣ አራቀው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። «ድኽነት ነው ወይስ ድሕነት?»

ሰውየው ሁለቱን ቃል ለየብቻ አላቸው! አንዱን ከላንቃው፣ አንዱን ከጉሮሮው ሥር አወጣው። ያን ልዩነት በዐይኔ እንጂ በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስንት ቀን የተጨነቅሁበትን ነገር ይህ ሰው በትግርኛ አፉ ሲተነፍስ ያወጣዋል።

«ሁለተኛው!» ብዬ ጮኽሁ። «መዳኑ! መዳኑ ነው!»

ሐኪሙ ብድግ አለ። የታመምሁ ሳይመስለው አልቀረም። እኔ ግን ከያዝሁት ወዲያ ማን ያቆመኛል፤ የሦስቱን ሀ ነገር፣ የአክስቴን ባል፣ የአለቃውን ደብዳቤ፣ ዘበኛውን ሳይቀር ዘረገፍሁት። አስተርጓሚው እኔ ከተናገርሁት አስረዝሞ ተረጐመ። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ እስኪያለቅስ ሣቀና አንድ ነገር ተናገረ።

«ድህነቱን ለእኛ ተዪልን፤ አንቺ ቁስሉን እጠቢ፤ ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

ይህን ሐኪሙ ይበለው፣ አስተርጓሚው ከራሱ ይጨምረው፣ ዛሬም አላወቅሁም። አስተርጓሚው ግን ሲናገር አልሣቀም።

ከዚያ እግሯ የቈሰለ አንዲት ሴት ወዳለችበት ክፍል አስገቡኝ። ፋሻው ሲፈታ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሳሕኑን ይዤ ቆምሁ። ሴትዮዋ እጄን ነከሰችኝ፤ ሳሕኑን አልጣልሁም። ሐኪሙ እጄን አይቶ አንዲት ቃል ተናገረ፤ «ነገ ነይ» ተባልሁ።

ከእኔ ጋር የገባች አንዲት ሌላ ሴት ነበረች። ማመልከቻዋን ቆይቼ አየሁት፤ የገበያ ጸሐፊ የጻፈላት ነው። ሐኪምን በብዙኃኑ፣ ሥራን በእሳቱ ሰ፣ የገዛ ስሟን እንኳ አሳስቶ ጽፎላታል። ማንም ምንም አላላትም። ወረቀቷን በሰጠችበት ቀን ተቀበሏት።

የአክስቴ ባል ሁለት ጊዜ ላከብኝ። በመጀመሪያው «ደብዳቤ ተከማችቷል፣ ነይ» አለ። በሁለተኛው «የተናገርሁት ለፈተና ነበር» አለ። ለሁለቱም መልስ አልሰጠሁም። አክስቴ በዳግማዊ ትንሣኤ ጓዟን ይዛ መጣችና ከእኔ ጋር ተቀመጠች። ጣሊያን ሲወጣ እዚያው ሐኪም ቤት ቀረሁ። የአክስቴ ባል መርዶ የደረሰኝ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። የጀመርሁትን ፋሻ ጠቅልዬ ጨረስሁ። ለቅሶውም አልሄድሁ፣ ተዝካሩም አልሄድሁ።