ቁጣዬ ማማ ላይ የወጣ ጊዜ

ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምትኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጧት ጧት ቆሎ ስትቆረጥም፣ ያ ቀርጨም ቀርጨም የሚል ድምፅ ጆሮዬን አልፎ ጥርሴ ሥር ይገባና፣ ያለሁበትን ረስቼ፣ ወልድያ እናቴ ቤት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ላይ ትራስ ልወረውር እጄን ሳነሣ ራሴን አገኘዋለሁ። ሰይድ ምንም አላጠፋም ነበር። ጥፋቱ ቆሎ የሚቆረጥም አገጭ ያለው መሆኑ ብቻ ነበር።

በዚያ ዕድሜዬ የማያናድደኝን ነገር መቁጠር ይቀላል። ስነቃ ተናድጄ እነቃ ነበር፤ ምክንያቱን የማገኘው ከዚያ በኋላ፣ ፊቴን ስታጠብ ነው። ሻይ ቢሞቅ እቆጣለሁ፣ ቢቀዘቅዝ እቆጣለሁ፣ ለብ ቢል ደግሞ «ይሄ ምን የሚሉት ሻይ ነው?» ብዬ አለቅሳለሁ። ከሁሉ የባሰብኝ ሰላምታ ነበር። የእኛ አገር ሰው ሰላምታ ከጀመረ ልጁንም ከብቱንም ዝናቡንም ሳይጠይቅ አያባራም፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛው «ደህና ነሽ?» ላይ «አንዴ ደህና ነኝ አልኩ እኮ!» ብዬ በሩን ዘግቼ እገባ ነበር። እናቴ ዘሃራ ያልሞከረችው የለም፤ ሐሞት ነው ሲሏት ፌጦ ፈጭታ አጠጣችኝ፣ ዓይን ነው ሲሏት ቁርአን አስቀራችብኝ፣ ዕድሜ ነው ይተዋታል ሲሏት ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቀች። አባቴ ባጃጁን አቁሞ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ሰይድን በጣቱ ጠርቶ «ዛሬ አየሩ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። እኔም ራሴን አልወደውም ነበር፤ ተቆጥቼ ስጨርስ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በእፍረት አለቅስ ነበር፣ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ክረምት ላይ ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ፣ አባቴ ቤቱን እጠብቃለሁ ብሎ ቀረ፣ እናቴ ግን እኔንና ሰይድን ይዛ ወጣች፤ በሚኒባስ ተጨናንቀን መርሳ ወረድን፤ ከመርሳም ጭቃውን እያቦካን በእግራችን ግራና አጠገብ ወዳለው የአክስቴ የሰዓዳ መንደር ሄድን። መንገዱን ሙሉ የተቆጣሁት ጦርነቱን አልነበረም፤ የሰይድን ጫማ ነበር፣ በተራመደ ቁጥር ጢቅ ጢቅ ይላል።

የአክስቴ ባል ጋሽ ይመር ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ከማለቱ የተነሣ በሬያቸው እንኳ ጆሮውን አቁሞ ነበር የሚሰማቸው። አንድ ልጃቸው ሙሄ በክረምቱ መግቢያ ከሚሊሻ ጋር ወጥቶ ወሬው ጠፍቷል፣ ስልክም ተቋርጧል። ስሙ በዚያ ቤት የሚነሣው አክስቴ ዱዓ ስታደርግ ብቻ ነበር። እናቴ «እንግዳ ነንና እባክሽ ቻይው» ብላ ስለለመነችኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ሦስት ሳምንት ያህል ቻልኩት።

መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ጋሽ ይመር ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው «እንኪ ጦይባ፣ በሞቴ» ብለው ወደ አፌ ሲያስጠጉ፣ እጃቸውን ገፍቼ «እኔም እጅ አለኝ! ለምን አትተዉኝም!» ብዬ ጮህኩ። ጉርሻው ተወርውሮ ድመቷ ፊት ወደቀ። ምሳዋን የቀጠለችው ድመቷ ብቻ ነበረች። እናቴ ተነሥታ ልብሳችንን መጠቅለል ጀመረች። «ሰው ቤት ተጠግቶ የሰው እጅ አይገፋም። ነገ ወደ ወልድያ እንመለሳለን» አለች፣ መንገዱ ላይ ተኩስ እንዳለ እያወቀች። በቁጣዬ የተነሣ ቤተሰቤን ላስፈጅ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ግን የወጣው «ታዲያ እንሂዳ!» የሚል ነበር።

ጋሽ ይመር እጃቸውን ጠራርገው «ዘሃራ፣ አብሽሪ፣ ተቀመጪ» አሏት። «የማሽላው ፍሬ ወተት ይዟል፣ ወፉም መጥቷል። እኔ ድምፅ የለኝም፣ ልጄም የለም። ወላሂ እንዲህ ያለ ድምፅ በጉርሻ ላይ ለምን ይባክናል?»

በማግስቱ ማማ ላይ ወጣሁ፤ ማሽላው መካከል በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የተሠራ፣ ወፍ ጠባቂ የሚቆምበት ከፍ ያለ መደብ ነው። ወንጭፍ ሰጡኝ፣ የመጀመሪያው ድንጋይ የራሴን ጀርባ መታኝ። ጩኸት ግን ማንም እንዲያስተምረኝ አላስፈለገኝም። የግሪሳው መንጋ ሲያርፍ «እናንተ ሆዳሞች! ማን ጠራችሁ? ይሄ አፋችሁ አይደክመውም?» እያልኩ፣ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩትን ሻይም ጫማም አገጭም አንድ ሳላስቀር አወረድኩባቸው። እንደ ወልድያዋ ሰላምተኛ ጎረቤታችን አንገቷን የምትሰብቅ ወፍ አይቼ «ደህና ነኝ! ደህና ነኝ! ደህና ነኝ!» ስላት መንጋው በሙሉ ተነሥቶ ሄደ፣ ሄዶም አጠገባችን ያለው የጋሽ እንድሪስ ማሳ ላይ ሰፈረ። ጋሽ እንድሪስ ማታውኑ ጥንቅሽ ተሸክመው መጥተው «የወልድያዋን ልጅ ለግማሽ ቀን ተዉልኝ» ብለው ለመኑ። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ስድቤን ለመስማት መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ፀሐይ ስትጠልቅ ድምፄ ተዘግቶ፣ ለቁጣ የሚሆን አቅም አጥቼ እገባና፣ ጉርሻ ሲመጣልኝ አፌን ከፍቼ እቀበል ነበር። ሰይድ ሊፈትነኝ ጆሮዬ ሥር መጥቶ ቆሎ ይቆረጥማል፣ እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ጥቅምት ላይ ታጣቂዎች በመንገዱ ማለፍ ጀመሩና፣ ወደ መንደሩ ዞር እንዳይሉ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ ተባለ። ወፎቹ ግን አልተነገራቸውም። ማሽላው የሁለት ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ስለነበር፣ ሁላችንም ማሳው ውስጥ ገብተን ያለ ድምፅ እናባርር ጀመር፤ እናቴ ነጠላዋን፣ አክስቴ ሰፌዷን፣ ሰይድ ሸሚዙን እያውለበለቡ በእግር ጣታቸው ሲሮጡ፣ ሠርግ ላይ ሙዚቃው የተቋረጠባቸው ጨፋሪዎች ይመስሉ ነበር። ሳቄ መጣ፣ መሳቅም ክልክል ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ይመር አጠገቤ ማማው ላይ ቆመው ሳለ ሹክሹክታ ሰማሁ። ወፎቹን እየሰደቡ ነበር፤ በሹክሹክታ። «ሌቦች» ይላሉ፣ «ዓይነ ደረቆች» ይላሉ። አፌን በሁለት እጄ ይዤ በሳቅ ልፈነዳ ስል ቃሉ ተለወጠ። «ልጄን የት አደረሳችሁት? ሙሄን መልሱልኝ» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ቤት የምቆጣው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ታጣቂዎቹ አልፈው መንደሩ ሲተነፍስ «ጋሽ ይመር፣ ዛሬ አንቱ ይጩሁ» አልኳቸው። ደረታቸውን ነፍተው ቆሙና ወደ ወፎቹ «እሽ!» አሉ። አንዲት ወፍ ዘወር ብላ አየቻቸውና መብላቷን ቀጠለች። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። «አየሽ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «አልወጣ ይለኛል። እስቲ አንቺ በይልኝ።» እኔም ተነሥቼ «ሙሄን መልሱ!» ብዬ ጮህኩ፣ እስከ ማታም ሌላ ቃል አልወጣኝም። አክስቴ ከቤት ሰምታ መጥታ ማማው ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ጋሽ እንድሪስም የዚያን ቀን ግማሽ ቀናቸውን አልጠየቁም።

ኅዳር ማሽላው ታጨደ፣ ታኅሣሥ ወልድያ ተመለስን። አባቴን፣ ባጃጁ ተወስዶበት፣ ከስቶ፣ በር ላይ ቆሞ አገኘነው፤ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ለምን ታስላለህ ብዬ ተቆጣሁት። ቁጣዬ ማማው ላይ አልቀረም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው አንዲት አማካሪ፣ እንዲህ ለዓመታት የማይለቅ ቁጣ የልጅ ብልግና ሳይሆን መታከም ያለበት ሕመም ሊሆን እንደሚችል የነገረችኝ። አሁን በየሳምንቱ እሄዳለሁ፣ እየረዳኝም ነው። ያኔ ይህን የሚነግረን ብናገኝ ኖሮ እናቴ ያን ሁሉ ፌጦ ባልፈጨች ነበር።

ሙሄ እስከ ዛሬ አልመጣም። በየዓመቱ ማሽላው ወተት ሲይዝ ጋሽ ይመር ይደውሉልኛል፤ ሰላምታቸውን ከብቱንም ዝናቡንም እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ። «ነይ አልልሽም፣ ትምህርትሽን ያዢ» ይላሉ፣ «ግን ስልኩን ወደ ማሳው አዙሬዋለሁ።» ያኔ ቁጣው ከእኔ ቀድሞ ይነቃ ነበር፣ አሁን ግን ደህና ሆኜ በምውልበት ቀንም ለእሳቸው ብዬ እቀሰቅሰዋለሁ። መስኮቱን ዘግቼ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ «ሙሄን መልሱ!» ብዬ እጮኻለሁ። ማሳውን ቃኘት ያደርጉና፣ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ በምሰማው ድምፅ «ሄዱ» ይሉኛል።