ሰባት ወረቀት ላይ የተገኙት «ታዋቂ ምሁር»

ሸጊቱ አለበል ባሕር ዳር፣ ከኮሌጃችን በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ኮፒ ቤት የተማሪ ጽሑፍ መተየብ ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆናት። በጣቶቿ ያላለፈ የመመረቂያ ጽሑፍ የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ስትተይብ ደግሞ አፏ አያርፍም። የጽሑፍ መምህር ነኝ የምለው እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ጣናን ስለወረረው እምቦጭ ጻፉ አልኋቸው። ቢያንስ አንድ ጥቅስ እንዲያስገቡም አዘዝሁ። ወረቀታቸውን ሳርም ሰባቱ ላይ አንድ ዓይነት ነገር አገኘሁ፦ «አንድ ታዋቂ ምሁር እንደገለጹት፣ እምቦጭ በእጅ እንጂ በስብሰባ አይነቀልም።» ምሁሩ ስም የላቸው፣ መጽሐፍ የላቸው፣ ዘመን የላቸው! ደሜ ፈላ። ምንጩን ካላመጡ ሰባቱም ዜሮ እንደሚያገኙና ኮርሱን እንደሚደግሙ ክፍል ውስጥ ተናገርሁ።

ከሰባቱ አንዷ፣ ሩሐማ፣ እስከ ደጅ ተከተለችኝ።

«ቲቸር፣ ምሁሩ... እትዬ ሸጊቱ ናቸው። ሲተይቡልን የተናገሩት ነው።»

«ታዲያ ለምን ስማቸውን አልጻፍሽም?»

«የኮፒ ቤት ሠራተኛ ተናገሩ ብዬ ብጽፍ ማን ከቁም ነገር ይቆጥርልኛል?»

ተያይዘን ሄድን። ሸጊቱ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔ እንዲያ አላልሁም፣ መምህር» አለች። በቃ፣ አለቀላቸው አልሁ በልቤ። «እኔ ያልሁት፣ ከአባቴ ጋር ጣና ዳር ቁንዝላ ላይ ወገባችን እስኪቆረጥ እምቦጭ ስንነቅል ከረምን፤ ለስብሰባ የመጡት ግን ፎቶ ተነሥተው ሄዱ ነው። አባቴን የት ጣሉት?»

ሩሐማ አንገቷን ደፋች። እኔ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርሁ። ጥቅስ አስገቡ አልሁ እንጂ፣ ሰው የተናገረውን እንደተናገረው ከነስሙ አስቀምጡ ብዬ መቼ አስተማርሁ? በምሳሌ የምጠቅስላቸውም ሁሌ ትልልቅ ስም ያላቸውን ብቻ ነበር። ዜሮውን ትቼ ሦስት ቀን ጨመርሁላቸው።

ሰባቱም ደብተር ይዘው ሸጊቱን ከበቧት። እሷም የሚጽፉትን በትከሻቸው ላይ እያየች፣ «ቀስ በል እንጂ፣ ወገባችን ነው ያልሁህ!» ስትል ዋለች አሉ።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቶቹ መጡ። አባትየው ጥቅሱ ውስጥ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ከጥቅሱ ሥር እንዲህ ይላል፦ «ሸጊቱ አለበል፣ የኮምፒውተር ጸሐፊ፣ ቃለ ምልልስ፣ ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.»። የተየበችው ራሷ ናት፤ የሰው ስም ስትተይብ ኖራ የራሷን ስትተይብ የመጀመሪያዋ ነው። ስሟን ከነአባቷ በሰባቱም ወረቀት ላይ አድምቃዋለች።

የምንጭ ስም ደምቆ አይጻፍም፤ በየዓመቱ የማስተምረው ደንብ ነው። ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቼ ሰባቱንም ወረቀት አንድ በአንድ አገላበጥሁ። ከዚያ ክዳኑን ገጥሜ ኪሴ ከተትሁት።