ሼህ ይማም «አብሽር» ያሉ ጊዜ

ትናንት ጠዋት ሐይቁ ዳር ቆሜ ነበር... ጉሙ ገና አልተነሳም። ማዶ ያለው ገዳም አይታይም፤ የሚታየው ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ነጭ ነገር ነው። አንዲት ታንኳ ከጉሙ ወጥታ ተመልሳ ገባች። እኔም በደንብ የነቃሁ አይመስለኝም።

አጠገቤ አቡ ናስር አለ። ከአረብ አገር የመጣ ባለሀብት ነው፣ እኔ ደግሞ አስተርጓሚው ነኝ። አረብኛውን የለመድኩት እዛው እነሱ አገር ሰው ቤት ስሠራ ነው። የሐይቁን ዓሣ አሽጎ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት አዲስ አበባ ድረስ ሄደን አስመዝግበናል። ድርጅቱ ስም አለው፣ ማኅተም አለው፣ የግብር ከፋይ ቁጥር አለው... የሚቆምበት መሬት ብቻ የለውም። ቶሎ ቦታ ካላገኘ ፈቃዱ ይሰረዛል። ከተሰረዘ እሱ ወደ አገሩ፣ እኔ ወደ ሰው ቤት።

እሱ ግን ባዶውን ሣር በጣቱ ያሳየኛል።

«እዚህ ማቀዝቀዣው... እዚህ በሩ... እዚያ ደግሞ ያንቺ ቢሮ።»

አየሁት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? መስኮቱ ወደ ውሃው ነው። መጋረጃውን እንኳ መርጬ ነበር።

ወረዳው «መጀመሪያ ከነዋሪው ጋር ተስማሙ» ስላለን፣ ረፋዱ ላይ የአካባቢው ሽማግሌዎች እዚያው ሐይቁ ዳር ያለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። የሚናገሩላቸው ሼህ ይማም ናቸው፤ እሳቸው ካሉ አለቀ ነው። የአቡ ናስርን ሐሳብ አስረዳሁ። ሳያቋርጡ ሰሙኝና ወደ እሱ ዞረው ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ያሰብከው ኸይር ነው። ቦታዋ ግን የከብቶቻችን መውረጃ ናት። እሷን ሰጥተንህ ከብቱ በየት ወርዶ ይጠጣ? አብሽር፣ አሏህ ሌላ በር ይከፍትልሃል።»

እኔ አፌን ሳልከፍት አቡ ናስር ተነስቶ ግንባራቸውን ሳማቸው። ለካ ከዚያ ሁሉ ንግግር የገባው ሦስት ቃል ነው... ኸይር፣ አብሽር፣ አሏህ።

እኛ ወሎዎች አብሽር የምንለው ላዘነ፣ ነገሩ ላልተሳካለት ሰው ነው። አይዞህ ማለታችን ነው። እነሱ ዘንድ ግን ትልቅ ሰው አብሽር ካለ «በኔ ጣለው፣ አልቋል» ማለቱ ነው። እሳቸው አጽናኑት፣ እሱ መሬት ተቀበለ።

ስነግረው አላመነኝም።

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ቃሉን አያጥፍም» አለኝ።

ደስታው ፊቱ ላይ ገና አልጠፋም ነበር፤ ማየቱ ከበደኝ። የኔም ቢሮ እዛው ደስታ ውስጥ ነበረች።

የሆነውን ለሽማግሌዎቹ አስረዳሁ። ሁሉም መሳቅ ጀምረው፣ ሼሁ ሳይስቁ ሲቀሩ ተዉት።

«እነሱ ዘንድ ቃል ነው በይኛ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ቃል ነው።»

«ወላሂ እኔስ ላጽናናው ብዬ ነው።»

ወደ ውሃው አዩ። ጉሙ ተነስቶ ገዳሙ ብቅ ብሏል፤ ከብቶቹም በዚያችው መውረጃ እየተጋፉ ወደ ውሃው ይወርዳሉ። አቡ ናስር በጣቱ ማቀዝቀዣውን ያቆመበት ቦታ ላይ አንዲት ጥጃ ተኝታለች።

«የከብቱ መንገድ የኔ አይደለም፣ የሁሉም ነው፤ አይነካም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሰውየው በኔ አፍ ተደስቷል። እንዲሁ ልሸኘው አልችልም። ሌላ ቦታ ካለ ከሰው ጋር ልምከርበት በይው።»

ይህንን ስተረጉምለት አቡ ናስር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገ። አሁን ገብቶታል።

ስንመለስ እሱ ቀድሞን ሄደ፣ እኔ ከሼሁ ጋር ወደ ኋላ ቀረሁ። ሆዴ አልችል አለኝና...

«አባባ፣ ይሄ ነገር ካልሆነ እኮ እኔ ተመልሼ ልሄድ ነው» አልኳቸው።

ቆም ብለው አዩኝ... በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና፣

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሉኝ።

የኛኛው አብሽር ይሁን የነሱኛው... ለመጠየቅ ፈራሁ።