ሊንከን ካውንቲ ሰው አለበት ወይ?

ይህ ጉዞ መጻፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብዬ ብዙ አመነታሁ። የአንድ ቀን የመኪና መንገድ ነው። አውሬ አላሳደደንም፣ ጎማ እንኳን አልፈነዳብንም። በዚያ ላይ እኔ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ጂኦግራፊ መማር ከጀመርኩ መንፈቅ አልሞላኝም። ነገር ግን እትዬ ዘሐራ «ያየሽውን ጻፊ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ» ብለው አዘውኛል። እሳቸው ያዘዙት ይጻፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ወንድም ጋሼ ሰይድ ላስ ቬጋስ ውስጥ ለአንድ ሆቴል ሚኒባስ ይነዳሉ፤ እኔም እዚያው ዊንቸስተር በሚባል ሰፈር ባለው አፓርታማቸው ነው የምኖረው። አንድ ቀን ከኤርፖርት ያመጡት ተሳፋሪ ስለ ካሊየንቴ ነገራቸው። ካሊየንቴ ከእኛ በስተሰሜን፣ በሊንከን ካውንቲ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እንደ ኮክ ያለ ፍሬ የሚሰጡ የአፕሪኮት ዛፎች ያሉት ቤት ይሸጣል፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርም ይፈለጋል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እንቅልፍ የላቸውም። የባለቤታቸው የእትዬ ዘሐራ ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «ሰው አለበት ወይ? ብንሞት ማን ይቀብረናል?»

የቤቱ ሻጭ መልስ የሚጠብቀው እስከ ሰኞ ነበር። እትዬ ዘሐራ ቅዳሜ ሺፍት ስላላቸው እኔ በምስክርነት ተላክሁ። «አለበት» ካልኩ ይሄዳሉ፤ «የለበትም» ካልኩ ወሬው ይዘጋል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ማስደሰት እፈልጋለሁ።

ንጋት፣ ዊንቸስተር

ፀሐይ ሳትወጣ ተነሳን። እትዬ ዘሐራ የሆቴል ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ዳቦና ቴርሞስ አቀበሉኝ።

«ሐዩዬ፣ ዛፍ አይተሽ እንዳትመጪ። የጠየቅሁሽ ሰው ነው።»

«ምነው ዘሐራ፣ ሳንኖርበት ስለ መሞት!» አሉ ጋሼ ከመሪው ኋላ ሆነው።

«አንተ ዝም በል፣ ባለጉዳይ ነህ። ምስክሯ እሷ ናት።»

ከተማው በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ባንዴ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ግራጫ ቁጥቋጦ፣ ቡናማ ተራራ፣ ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ደግሞ ሌላ ቡናማ ተራራ። በእኛ አቅጣጫ የሚሄድ መኪና የለም። አልፎ አልፎ ከፊት ለፊት አንድ ፒክአፕ ይመጣል፤ ሹፌሩም ሲደርስ አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ ያደርጋል።

«ሐዩ፣ ይሄ ሰውዬ ያውቀኛል እንዴ?»

«ሰላምታ ይመስለኛል ጋሼ። የገጠር ልማድ ነው።»

«ሰላምታ!» ደስታቸው ወሰን አጣ። «ጻፊ! ሰላምታ አለ በይ።» ከዚያ በኋላ ላለፈው ሁሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይሉ ጀመር። ጎንበስ ባሉ ቁጥር መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ረፋድ፣ አላሞ

ከዚያ ሁሉ ደረቅ መሬት በኋላ ድንገት ውሃ። ፓራናጋት የሚባል ሸለቆ ነው፦ ሐይቅ፣ ቄጤማ፣ ረጃጅም ዛፎች፣ ነጫጭ ወፎች። ከሐይቁ ወዲያ አልፋልፋ የሚባለው የከብት መኖ ማሳ፣ እንደ ጡብ የተከመረ ድርቆሽ፣ ከዚያም አላሞ። ጥቂት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ነዳጅ ማደያ። ማደያው ውስጥ የደረቀ ሥጋ በየዓይነቱ ተሰቅሏል። ጋሼ እንደ ቋንጣ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና ወደ ሻጯ ዞሩ።

«እህቴ፣ እዚህ አገር ሰው ሲሞት ምን ታደርጋላችሁ?»

ሴትዮዋ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ስልኳን አየች። እኔ ፈገግ ብዬ አንድ ሐብሐብ ገዛሁና ጋሼን በእጅጌያቸው ጎትቼ አወጣኋቸው።

«ጋሼ፣ እንዲህ በድንገት አይጠየቅም። እዚህ አገር መጀመሪያ ስለ አየሩ ነው የሚወራው።»

«እሺ፣ ይቅርታ።» ተመልሰው አንገታቸውን በበሩ አስገቡ። «ዛሬ ሙቀቱ ከባድ ነው። ሰው ሲሞት ምን ታደርጋላችሁ?»

ቶሎ ተነሳን።

ቀትር፣ ካሊየንቴ

መንገዱ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ሁለት ተራራ ይሻገራል፤ ከዚያ በቋጥኞች መካከል ካሊየንቴ ትገኛለች። መሃሏን የባቡር ሐዲድ ይሰነጥቃታል። ትልቅ የድሮ ባቡር ጣቢያ አላት፤ ከጎኑ ባቡር ድርጅቱ በአንድ ዘመን ለሠራተኞቹ የሠራቸው አንድ ዓይነት ቤቶች ተደርድረዋል። የሚሸጠውም ቤት ከእነዚያ ብዙ አይርቅም። በረንዳው ዘመም ብሏል፤ አፕሪኮቶቹ ግን እውነት ናቸው። ጋሼ አንዱን ዛፍ አቀፉት።

እኔ ሰው ፈለግሁ። በግራ ያለው ቤት መጋረጃው ተዘግቷል፤ በቀኝም እንዲሁ። መንገዱ ላይ አንድ ድመት ብቻ አለ፤ እሱም ተኝቷል። አምስት ደቂቃ ቆምን፣ አሥር ቆምን። መጨረሻ ላይ መስኮቱን እያንቀጠቀጠ ረጅም የጭነት ባቡር አለፈ።

«ይኸው!» አሉ ጋሼ። «ማነው ሰው የለም ያለው?»

«ጋሼ፣ ባቡር ሰው አይደለም።»

«ነጂው አለ አይደል? እሱንም ጻፊ።»

አልጻፍኩም። ምስክርነት ምስክርነት ነው። ጋሼም ገብቷቸው ኖሮ ወደ መኪናው ሲመለሱ ትከሻቸው ወረደ፤ ሰው ፍለጋ ወደ ሰሜን ስንቀጥል እስከ ፒዮች ድረስ ለሁለት ፒክአፖች ብቻ ጎንበስ አሉ።

ፒዮች በተራራ ወገብ ላይ የተሰቀለች የድሮ የማዕድን ከተማ ናት። ማዕድን ያመላልሱ የነበሩ የብረት ቅርጫቶች ዛሬም ከሽቦ ላይ ተንጠልጥለዋል። የታወቀ መካነ መቃብር አላት፤ መጀመሪያ የተቀበሩት ሁሉ በጥይት የተገደሉ ናቸው ይባላል። ጋሼ በድንጋዮቹ መካከል ሲዘዋወሩ ቆዩና ፊታቸው ፈካ።

«አየሽ? ቀባሪ አላጡም።»

«ገዳዮቹ ናቸው የቀበሯቸው ይሆናል ጋሼ።»

«ቢሆንስ? ቀብረዋል።»

ከሰዓት በኋላ፣ ፓናካ

በመመለሻችን ፓናካ ገባን። ይህች መጠጥ በማይቀምሱት፣ ሞርሞን በሚባሉት ክርስቲያኖች የተቆረቆረች የገበሬዎች ከተማ ናት፤ ኔቫዳ ውስጥ ሆና ካዚኖ የላትም፣ መጠጥም አይሸጥባትም። ይህን ስነግራቸው ጋሼ መኪናውን ቀስ አደረጉ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ! ይህችን አገር ማን ደበቀብን?»

ያን ጊዜ ነው ድንኳኑን ያየነው። ትልቅ ነጭ ድንኳን። በረድፍ የተደረደሩ ተጣጣፊ ወንበሮች። ወንዶቹ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። ዳር ላይ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ትነፋረቃለች።

«ለቅሶ ነው» አሉ ጋሼ፤ ወዲያው ፓርክ አደረጉ። «አይተን ብናልፍ ነውር ነው።»

እኔም ለቅሶ መሰለኝ። ሻርፔን ወደ ራሴ ሳብኩ። በር ላይ አንዲት ሴት ጠረጴዛ ይዛ ስም ትመዘግባለች። ጋሼ ስማቸውን ነግረዋት ፈረሙና ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ተሰጣቸው።

«እንደ እድራችን ነው፤ ስም ይያዛል» አሉኝ በሹክሹክታ፣ በአድናቆት።

ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፊት ለፊት አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ መናገር ጀመረ። እንዲህ ያለ ፍጥነት ሰምቼ አላውቅም። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፤ ከዚህ ሰውዬ አፍ ግን አንድም ቃል መያዝ አልቻልኩም።

«ሙሾ ማለት ይህ ነው!» አሉ ጋሼ። «ትንፋሽ እንኳን አይወስድም። ሟቹ ትልቅ ሰው ነበሩ።»

የምታለቅሰው ልጅ አንድ በግ እየሳበች ወደ መሃል ገባች። ጋሼ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አባቷ ይሆናል የሞተው። በጉ ለሰደቃ ነው።» ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉ ጀመር፤ ካርቶኑ በቀኝ እጃቸው ነው። ከጎናችን የቆመ ሰው ወደ እሳቸው እያመለከተ «ያ!» ብሎ ጮኸ።

«አሚን» አሉ ጋሼ፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው።

«ያ!»

«አሚን!»

እኔ የገባኝ ሦስተኛው «ያ» ላይ ነው፤ ካርቶኑ ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋ እየተጨመረ ነበር። ጨረታ ነው! የገበሬ ልጆች ያሳደጉትን ከብት የሚሸጡበት ጨረታ! «ጋሼ፣ እጅዎን ያውርዱ!» አልኩ። እሳቸው ግን በዱዓ መሃል አይናገሩም። አንድ ወፍራም ሰውዬ እየተጫረተ ቆይቶ ጋሼን ዞሮ አየና እጅ ሰጠ። መዶሻው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ጋሼ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። በጉ የእሳቸው ሆነ።

ዋጋውን እዚህ እንዳልጽፍ ጋሼ ለምነውኛል።

ልጅቷ ሮጣ መጥታ ወገባቸው ላይ ተጠመጠመች። ለካ የምታለቅሰው ያሳደገችውን በግ ልትለየው ሆኖባት ነው፤ ወንዶቹም ባርኔጣ ያወለቁት ለመክፈቻ ጸሎት ነበር። ስሟ ኤልሲ ነው። ተከትለዋት አያቷ መጡ፤ ዋልት ይባላሉ፤ ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው ከብት አርቢ። ጋሼ የዋልትን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እግዜር ያጽናችሁ። ማን ነው የሞተው?»

ዋልት ወደ በጉ ዞር አሉ። «እስካሁን ማንም። በጉ ግን ሰኞ ቄራ ይሄዳል።»

ሁሉን ነገር የማስረዳው ለእኔ ወደቀ፦ ድንኳኑን፣ ሙሾውን፣ ዱዓውን። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። ሳቁ ከፊት ረድፍ እስከ ጠረጴዛዋ ሴትዮ ድረስ ተዛመተ፤ ጨረታ መሪው ራሱ ማይክሮፎኑን ዘጋ። ዋልት ግን አልሳቁም።

«የማታውቁት ሰው ሞቶ መስሏችሁ ነው ከመንገድ የገባችሁት?»

«ድንኳን ተተክሎ እንዴት ይታለፋል?» አሉ ጋሼ፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟቸው።

ዋልት ባርኔጣቸውን አዟዟሩት። ባለፈው የብርድ ወራት ሚስታቸው እንደሞቱ ነገሩን። ከአላሞ እስከ ፒዮች ያለው ሰው መጥቶ ነበር፤ በምድጃ የተጋገረ ድንችና ፓስታ በየትሪው ይዞ። «እስከ ፋሲካ ድንች በላሁ» አሉ።

እኔ ቶሎ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። እትዬ ዘሐራ እረፍት ላይ ነበሩ። ስለ በጉም ስለ ድንቹም ነገርኳቸውና ስፒከር ላይ አደረግሁት።

«ሰውዬውን ጠይቂልኝ» አሉ። «እኔ እዚያ ብሞት ይመጣል?»

እንዳለ ተረጎምኩት። ዋልት ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«በደስታ፣ እመቤቴ። መቼ አስበዋል?»

እትዬ ዘሐራ ስልኩ ውስጥ ከት ብለው ሳቁ፤ እረፍት ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ «ምን ሆነሽ?» ሲሏቸው ይሰማ ነበር። «እሺ ሐዩ፣ ቃልሽን ስጪ።»

ኤልሲ በጉን አቅፋ ታየኛለች። ዋልት በጉን እስክንመጣ አስቀምጠው እንደሚጠብቁን ተናግረዋል፤ ካልመጣን ግን እንደሚበሉትም አልደበቁም። ጋሼ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነው። እኔ ግን ስለ በጉ ብዬ አይደለም፣ ለጋሼም ብዬ አይደለም።

«ሰው አለበት» አልኩ።

ካሊየንቴ ለመግባት የጥቂት ሳምንታት ዝግጅት ወሰደብን። የጭነት መኪናችንን ቤቱ ደጃፍ ስናቆም ግራና ቀኝ ያሉት መጋረጃዎች ተከፈቱ። ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ትሪ ተሸክመው፣ ወንበር ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ዋልትና ኤልሲም በጉን በገመድ ይዘው ከኋላ ነበሩ። እትዬ ዘሐራ ከመኪናው ሊወርዱ አንድ እግራቸውን አውጥተው ቆሙ፤ ክንዴን ጨብጠውም በጆሮዬ «ሐዩዬ፣ ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም፣ እትዬ። እኛ መጣን እንጂ።»

ቀኑ እሑድ፣ ጥቅምት 9 ነበር።