በላቀች ስም የተሰቀለው ቀፎ

ላቀችን ያወቅኋት ቦንጋ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር፣ አንድ ክፍል ቤት አብረን ተከራይተን ነው። እኔ የሺሺንዳ ልጅ ነኝ፤ እሷ ከገሻ ወረዳ፣ ከደካ ወዲያ፣ ከወንዝ ማዶ ካለ ቀበሌ የመጣች። በየሳምንቱ ከቤቷ ቆጮ ይላክላት ነበር። ዝናብ ሲበረታ ግን ስንቁ ይቀራል። «ወንዙ ሞልቷል ማለት ነው» ትላለች፤ የእኔን እንካፈላለን። ያን ወንዝ በዓይኔ ሳላየው በራብ አወቅሁት።

ስለ እሷ ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ያለኝ የነገረችኝና ያየሁት ብቻ ነው።

ከትምህርት በኋላ አዋላጅ ነርስ ሆና ደካ ከተማ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ከማዶ የሚመጡ እናቶች በክረምት በቃሬዛ ወንዙ ዳር ይደርሱና ውሃው እስኪጎድል ይቆያሉ። መሻገሪያው ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ግንድ ነው፤ ውሃው ከፍ ሲል ግንዱን ይሸፍነዋል። ዘግይተው የሚደርሱ ነበሩ፤ ሳይደርሱ የሚቀሩም። ላቀች ስትደውልልኝ ስለዚህ ብዙ አታወራም። «ዛሬም አንዷ» ትላለች፤ ከዚያ ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች።

ለምክር ቤት ምርጫ እንድትወዳደር የለመኗት እነዚያ ቃሬዛ ተሸካሚዎች ናቸው።

«እኔ ማዋለድ እንጂ መናገር አልችልም» አለቻቸው።

«እኛም የምንፈልገው ድልድይ እንጂ ንግግር አይደለም» አሏት።

ተወዳደረች፤ አሸነፈች።

የቀበሌው ሰው ሊሸኛት በተሰበሰበ ቀን እኔም ነበርሁ። አባባ በዛብህ የሚባሉ ንብ አርቢ፣ የልጅነት ጓደኛዋ የአብርሆት አባት፣ ቅል ሙሉ ማር ይዘው መጡ።

«አዲስ አበባ ስኳር አስለምደው እንዳይመልሱሽ፤ ይህን ያዢ» አሏት።

ላቀች ደስታውም ፍርሃቱም ተደባልቆባት ነበር መሰለኝ። ብዙም ሳታስብ፣ «አባባ፣ ድልድዩ ሳይሠራ ማር አልቀምስም» አለች።

ሰው ሳቀ። «እንግዲያማ ጣዕሙን ትረሺዋለሽ» አለ አንዱ ከኋላ።

አባባ በዛብህ ግን አልሳቁም። በእሳቸው ቤት የቀረበ ማር አይመለስም፤ በምክንያት የመለሰ ሰው ደግሞ እንደማለ ይቆጠራል። ቅሉን መልሰው ታቀፉት። ብዙም ሳይቆዩ አዲስ ቀፎ ሠርተው፣ ወንዙ አጠገብ ካለ ረጅም ዛፍ ላይ በላቀች ስም ሰቀሉ። ለሚወዱት ሰው እንዲህ ማድረግ ልማዳቸው ነበር። የዚያ ቀፎ ማር ለሌላ አይሰጥም፣ ገበያም አይወጣም።

ላቀች ምክር ቤት ስትገባ ጤናን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ መደቧት። ሥራው ከጠበቀችው በላይ ንባብ ነበር። ረቂቅ አዋጁን ደጋግማ ታነባለች፤ ያልገባት ቃል ሲገጥማት ደውላ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ብዙ ጊዜ አላውቀውም። በአፍ መፍቻዋ በካፊኖኖ ሰው የምታስቀው ሴት፣ አማርኛ ስትናገር ግን ግንድ ላይ እንደሚሻገር ሰው እግሯን እየፈተነች ነበር። ለመስክ ክትትል ወደ ሌሎች ክልሎች ይልኳቸዋል። አንድ ጊዜ ከመንገድ ደወለችልኝ። «አሁን ድልድይ እያለፍን ነው» አለች። «ከሥሩ ያለው ውሃ ከእኛው ያንሳል።»

በሁለተኛው ዓመት ጥያቄ የምታቀርብበት ተራ ደረሳት። ያን ቀን ደካ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ቴሌቪዥኑ ሥር ተጨናንቆ እንደነበር የነገረችኝ አብርሆት ናት። አባባ በዛብህም ግንዱን ተሻግረው መጥተዋል። ላቀች ስለ ወንዙ፣ ስለ ቃሬዛው፣ ስለ እናቶቹ ተናገረች፤ ደቂቃዋ አለቀና ተቀመጠች። መልሱ ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ተጠቃልሎ ተሰጠ።

«ምን አሏት?» አሉ አባባ በዛብህ። አማርኛቸው ጥቂት ነው።

«በጥናት ላይ ነው አሏት» አለች አብርሆት።

«ምኑ ነው የሚጠናው? ውሃ እኮ ነው።»

«አይዞዎት ጋሼ፣ ወንዙ እስኪያረጅ እየጠበቁለት ነው» አለ ሻይ ቀጂው። ሻይ ቤቱ ሳቀ።

ምክር ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ ላቀች መራጮቿን ልታነጋግር ትመጣለች። ስብሰባው ሲያበቃ አባባ በዛብህ ቅሉን ይዘው በር ላይ ይጠብቋታል።

«ተሠራ?»

«አልተሠራም አባባ።»

«እንግዲያ ይቆይልሽ» ብለው ይዘውት ይመለሳሉ።

«ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ አንድ ጊዜ ቦንጋ እኔ ቤት ስታድር። «ሌላው ሰው ይቆጣኛል። እሳቸው ግን ዛሬም ያምኑኛል።»

በአራተኛው ዓመት ሰኔ ላይ የበጀቱ ረቂቅ ቀረበ። ድልድዩ የለበትም። ጠየቀች፤ «ለሚመጣው ዓመት ይታያል» አሏት። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ስልኳን አጥፍታ አዳራሽ ገባች። የሚደግፉ ሲባል እጇን አወጣች።

«ለምን አወጣሽ?» አልኋት በኋላ።

«የጤና ኬላዎቹ መድኃኒትም፣ የነርሶቹ ደሞዝም እዚያው ውስጥ ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ደግሞም ሁሉም አወጣ» አለች።

በዚያው ቀን አባባ በዛብህ ዝናቡ ሳይብስ ማሩን ለመቁረጥ ዛፉ ላይ ወጡ። ዛፉ እርጥብ ነው፣ እርስዎም አርጅተዋል ብለው ልጆቻቸው ከልክለዋቸው ነበር። «የሌላውን እናንተ ቁረጡ። የእሷን ግን እኔ ነኝ የምቆርጠው» አሉ። ማሩን በገመድ በደህና አወረዱ። ራሳቸው ሲወርዱ አዳለጣቸውና ወደቁ።

በቃሬዛ ወንዙ ዳር አደረሷቸው። መሻገሪያው በውሃ ተሸፍኗል። አብርሆት ለላቀች ደጋግማ ደወለች። አዲስ አበባ ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግላት እሷም አታውቅም፤ ዝም ብላ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። አባባ በዛብህ ውሃው ሳይጎድል እዚያው ዳር ላይ ሞቱ።

ላቀች ለለቅሶ ስትመጣ አብሬያት ሄድሁ። መኪናው ወንዙ ጋ ቆመ። ውሃው ጎድሎ መሻገሪያው ወጥቷል፤ ጭቃ ለብሷል። ጫማችንን አውልቀን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን። ለቅሶ ቤቱ ስንገባ ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላት። «የተከበሩ፣ እዚህ ይቀመጡ» አላት አንድ ሽማግሌ። ላቀች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሰዉ ቀለል ሲል ወደ አብርሆት ዞረች። «ከየትኛው ዛፍ ነው የወደቁት?»

እስከዚያ ድረስ የነገራት ሰው አልነበረም።

«ካንቺው» አለች አብርሆት። በክፋት አልነበረም። ተነሥታ ጓዳ ገባችና ከቅሉ በሳህን ቀድታ ፊቷ አስቀመጠች። «ብዪ።»

«አብርሆት፣ ድልድዩ እኮ...»

«አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ያስቀመጠልሽ አባቴ ነው። ከእንግዲህ ማን ያስቀምጥልሻል? ደግሞ ከዚህ ቤት አንድ ጊዜ መልሰሻል፤ ሁለተኛ አትመልሺ።»

ላቀች በላች። ሌላው ሰው አኝኮ የሚተፋውን ሰም እንኳ አልተፋችም፤ እንባዋ ሳህኑ ላይ እየወረደ ጨረሰችው። ማንም አላባበላትም።

የምክር ቤት ዘመኗ ሲያበቃ ዳግም እንድትወዳደር የጠየቋት ነበሩ። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ግን ከጠያቂዎቹ መካከል አልነበሩም። አልተወዳደረችም። ወደ ሙያዋ ስትመለስ ደካ ሊመድቧት ነበር፤ እሷ ማዶ ያለውን ጤና ኬላ ለመነች። ከምክር ቤት ወደ ጤና ኬላ ወረደች ብለው የሳቁባት አሉ። ወንዙ ሲሞላ አሁን እሷም ከማዶው ሰው ጋር ትታጠራለች፤ እናቶቹን እዚያው ታዋልዳለች። የምትችለውን ነው፤ የማትችለው ሲመጣ አብራቸው ቃሬዛው አጠገብ ትቀመጣለች።

በቅርቡ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ድልድይ የለም። ከጤና ኬላው በር ላይ ቀፎው ይታያል።

«ንብ አለበት?» አልኋት።

«አለበት» አለች። «ቆራጭ ነው የሌለው።»

ደመናው እየከበደ ነበርና ወንዙ ሳይሞላ እንድሄድ አጣደፈችኝ። እጄን ይዛ ግንዱን አሻገረችኝ። ከዚያ ብቻዋን ተመልሳ ወደ ማዶ ሄደች።